መጀመሪያ የመቀመጫዬን

ሬሆቮት፣ ከባቡሩ ማዶ፣ ብርቱካን የነበረበት ሜዳ፣
ሦስተኛው በር፣ ምድር ቤት፤ ካርዴን አስነክቼ ስወርድ በማለዳ፣
ይሸተኛል በረኪና፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የጠጉር ወዝ፤
ከጣሪያው ያ ረጅም አምፖል እንደ ታመመ ሰው ሲነዛነዝ።

አሥራ አራት ናቸው። ደረታቸው ላይ ቁጥር ተነቅሷል፤
የእሷ አርባ አንድ ነው፤ አንዱ በጠጉር ተውጦ ፈርሷል።
አናቷ ላይ ቆብ አላት፣ የብረት፣ በብሎን የታሰረ፣
ሐሳቧን ለማድመጥ ሲባል የተቦረቦረ።

እኔም አናት ነኝ።
የመጣሁ ቀን፣ በመቀበያው ጣቢያ፣ እስክሪብቶ የያዘች ሴት፣
«እናኑ» ስላት ምላሷ ላይ አልቆም አላት፤ ጻፈች፦ «አናት»።
ስምንት ዓመቴ ነበር። ስም እንደ ብሎን ነው፤ ሲገባ አያምም፤
ሲበርድ ነው እንጂ ዙሪያው የሚያመው፣ ያውም ሁልጊዜ አይደለም።

እና አሮጌው ስሜ ሥራ ፈትቶ፣ ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ስለነበር፣
ለአርባ አንድ አዋስኳት፤ ማንም ሳይሰማ፣ አንድ ሌሊት፣ በፍርግርጉ በር።
«እናኑ» ስላት ቅንድቧን ሰቀለች።
ከእናቴ ሞት ወዲህ በዚያ ስም የተጠራች እሷ ብቻ ነች።

አባቴ ጦጣን በወንጭፍ ነበር የሚያውቃት፣ ከማሽላው ዳር፤
«አሁን ደግሞ ልጄ ታጎርሳታለች!» ይላል፣ ለጎረቤት ሲናገር።
ቅዳሜ ስወጣ ይቆጣል። እኔም እለዋለሁ፦ «ማሽኑማ ያርፋል፤
ሆድ ግን አያርፍም። ከብትህ ይረፍ ያለው፣ ከብትህ ይራብ ብሎ ጽፏል?»

በሌላው ቀን ወንበር አለ፣ ጠባብ፣ አንገት የሚይዝ፤
ስክሪን ላይ ነጥብ ይበራል፣ እጇ ሳይንቀጠቀጥ እንዲታዘዝ፤
ለአንድ ልክ፣ አንድ የፖም ጭማቂ ጠብታ።
ጥማትን አውቃለሁ፤ የሱዳንን መንገድ በእግሬ ነው የመጣሁት፣ ማታ ማታ።
መለኪያውን ስሞላ ከመስመሩ ጥቂት አልፋለሁ።
ለማንም አልተናገርኩም። እዚህ ግን እጽፋለሁ።

ቤቱን መርገምም አልችልም።
ወንድሜ ቢተው ብርጭቆ ሲያነሳ ግማሹ ሸሚዙ ላይ ይፈሳል፤
ያቺ ትንሽ ነጭ ኪኒን ስትደርስ፣ እጁ ወደ ቤቱ ይመለሳል።
ኪኒኗ ከየት መጣች? ከማን አናት?
ጠይቄ አውቃለሁ። ዝም አለችኝ ዶክተር ኦስናት።

በዝናቡ ወር ኮሚቴ ተቀመጠ። አንዱ ሴንቲሜትር ሲቆጥር፣
አንዱ ስለ በጀት ሲናገር፣
ዶክተሯ ዞረች፦ «አናት፣ አንቺ ነሽ ከእነሱ ጋር የምትውዪው፤
ምን ይጎድላቸዋል?» አማርኛ ነው አፌ ላይ የመጣው፦
«መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ!»
ተረጎምኩት፣ እያፈርኩ፤ እሾህ መላ ገላዋን ወግቷት፣
«ከየቱ ልጀምር?» ሲላት ነቃዩ ተቸግሮ።
ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። «የሚቀመጡበት ሽቦ ነው» አልኩ፣ «እግራቸውን ያቆሰለው፤
እንጨት ስጧቸው፣ ከፍ ያለ፤ ጦጣ ከላይ ስታይ ነው ልቧ የሚያርፈው።»

ከአምስት ወር በኋላ የባሕር ዛፍ ግንድ መጣ፣ ከነልጣጩ።
እናኑ አሸተተችው፤ ላሰችው፤ ወጣችበት፣ ሌሎቹ ከታች ሲንጫጩ።

ጥናቱ ሲያልቅ ሁለት ወረቀት ነበር፦ አንዱ መርፌ፣ አንዱ ኮረብታ ላይ ያለ መጠለያ።
ዶክተር ኦስናት ሁለተኛውን ፈረመች፣ ሳትቀመጥ፣ በበሩ መግቢያ።
ቦታ የተገኘው ለስድስት ነው። ስምንቱን፣ አንድ ስም ብቻ ስለነበረኝ፣
ተሰናበትኳቸው በቁጥር፤ ዛሬም የባንክ ወረፋ ሲጠራ ነው የሚያስደነግጠኝ።

ፎርሙ ላይ «ስም» የሚል ባዶ መስመር ነበር። በራሴ ፊደል ሞላሁት።
ሾፌሩ «ምንድነው ይሄ?» አለ። «ስም ነው» አልኩት።

በሩ ሲከፈት ሳር አየች፤ ሳር ዐይታ አታውቅም፤ አልነካችውም።
ብረቱ አናቷ ላይ አለ፤ «ቢነቀል ትሞታለች» አሉ፤ አልነቀሉትም።
ግንዱን ፈለገች። ወጣች። ጀርባዋን ሰጠችኝ።

«እናኑ» ብዬ ተጣራሁ።
አልዞረችም።
እኔ ዞርኩ።